«እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው» የሚለው ወፍ

ደብዳቤው አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዬ 42፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሥራዬ ሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ያስታመምኳቸው አሜሪካዊ አዛውንት የካቲት ላይ አረፉ። ልጅም ዘመድም አልነበራቸውም። የነበራቸው ቻርሊ የሚባል የ19 ዓመት ግራጫ በቀቀን ብቻ ነው። አሁን ባለቤት ያጡ ወፎችን የሚያነሳ መጠለያ ወስዶታል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ደረቱን ነጭቶ ነጭቶ ቆዳው ይታያል። እንዳየኝ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው» አለኝ፤ ስልክ ስዘጋ የምለውን፣ በራሴው ድምፅ። ቀጥሎ የሽማግሌውን ሳል ሳለ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የማደጎ ማመልከቻ ሰጥተውኛል። የ11 ዓመቷ ልጄ በደስታ አብዳለች። ባለቤቴ ግን «ዶሮ እንኳ የምንገዛው ለዓመት በዓል ነው፣ ለወፍ ወርሃዊ ልንከፍል ነው እንዴ?» ይላል። ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ነው ያለን። እኔ የሌሊት ፈረቃ ገብቻለሁ። ሐምሌ ላይ ለአምስት ሳምንት አገር ቤት እንሄዳለን፣ ትኬት ተቆርጧል። ወጪው ከበዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጓደኞቼ እንጀራ ስለምጋግር በእሷ እደጉመዋለሁ ብዬ ነው። ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ስለ ሳሉ፣ አንዴ ደግሞ ሳታስቢው ስለጻፍሻት ስለ እንጀራዋ መስመር። ምጣድሽ ምን ዓይነት ነው? ሊጥ የማይዝ፣ ጥቁር ቴፍሎን የተቀባ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ፣ ለወፉ ቀለብ የምታገኚበት ዕቃ ወፉን የሚገድለው ዕቃ ነው።

ይህንን የምነግርሽ አንብቤ አይደለም። ከ14 ዓመት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤት ስትቀይር ኮካቲየል የምትባል፣ ጉንጯ ላይ ብርቱካናማ ክብ ያለባት ትንሽ ወፍ ትታልኝ ሄደች። ስምንት ወር አብረን ኖርን። የገና ዋዜማ ዕለት ብርድ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። ምጣዱን ሰክቼ ሊጡን በውሃ ሳቀጥን ስልክ ተደወለ። የአገር ቤት ስልክ ነው፣ በዓል ነው፣ በቶሎ አይዘጋም። ምጣዱ ባዶውን ግሎ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ጭስ አላየሁም፣ የሸተተኝ ነገርም የለም። ስመለስ ወፏ ከመቆሚያዋ ወርዳ የሽቦ ቤቷ (ኬጁ) ወለል ላይ ናት። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጅራቷ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ፎጣ ይዤ እስክመጣ አበቃላት። በማግስቱ ጠቅልዬ ሐኪም ዘንድ ስወስዳት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ምን ላይ ነው የምታበስዪው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴፍሎን ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ መበላሸትና ዓይን የማያየው ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል። ባዶ ምጣድ እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ሰውን አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን የመሰለ ትኩሳት ነው የሚያሲዘው። ወፍ ግን አተነፋፈሱ ከእኛ ይለያል። ከሳንባው ሌላ እንደ ፊኛ ያሉ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ ሲያስገባም ሲያስወጣም ንጹሕ አየር ሳንባውን ያቋርጣል። ለመብረር የሚጠቅመው ይኸው ነገር መርዝ ሲመጣ ቶሎ ይገድለዋል። በእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. እስከ 1986 ድረስ ካናሪ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው። ወፏ ከወደቀች ሰዎቹ ይወጣሉ።

ስለዚህ ከዶላሩ በፊት ወጥ ቤትሽን እንይ። በሩን ዘግቼ እጋግራለሁ አትበዪኝ፤ አፓርታማ ውስጥ አየር በር አያውቅም። እኔ ከዚያ ወዲህ የምጋግረው በሸክላ ምጣድ ነው። እሱም ቢሆን በጎመን ዘር ሲሟሽ የሚወጣው ጭስ ወፍ ያፍናል፤ ማሟሸቱን ውጭ ነው የማደርገው። አየር ፍራየሩንም ገልብጠሽ እዪው፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው በዚያው ቅብ የተለበጠ ነው። የዋፍል ማብሰያው፣ አንዳንድ የካውያ ጠረጴዛ ጨርቅ፣ አንዳንድ ማሞቂያ፣ ራሱን በሙቀት የሚያጸዳ ኦቨን፣ ሁሉም ይፈተሻል። ከዕጣን ጋርም መለያየት ሊኖርብሽ ነው። ቡናውን ግድ የለም፣ መፍላቱ አይጎዳውም፤ ቆሉ ግን በረንዳ ላይ ይቆላ። ሻማውና ግድግዳ ላይ የሚሰካው ሽታ ያለው ነገርም ይቀራል። እንግዳ መጥቶ «ዕጣን የሌለበት ቡና ምን ቡና ነው?» ሲልሽ የምትመልሺውን ከአሁኑ አዘጋጂ። የማደጎው ትልቁ ክፍያ ይህ ይመስለኛል፣ ማንም ግን ደረሰኝ አይቆርጥለትም።

አሁን ወደ ደረሰኙ። የምጽፍልሽ ዋጋ በዚህ በእኛ አካባቢ የሚጠየቀውን በግምት ነው። ለግራጫ በቀቀን መጠለያዎች ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላሉ፤ 300 ወይም 400 ቢሉሽ አይግረምሽ። ከሱቅ ቢገዛ ከሺህ ዶላር በላይ ስለሚወጣበት ሰዎች ይህን «ርካሽ» ይሉታል። ኬጅ ጥሩ የሚባለው ከ400 እስከ 800 ዶላር ነው። ቢያንስ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ እንደኔ ከሆነ ከዚያም ቢሰፋ። አንድ ነገር ግን ጠይቂ፦ የሽማግሌው ኬጅ የት ደረሰ? ከወፉ ጋር ወደ መጠለያው መጥቶ ከሆነ አብረው ይሰጡሽ ይሆናል። ገንዘብ ታተርፊያለሽ፣ ወፉም የሚያውቀው ቤት ውስጥ ይገባል።

የወፍ ሐኪም ሌላ ነው። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ወፍ አያክምም፤ የሚያክመው ደግሞ ዋጋውን ያውቀዋል። የመጀመሪያው ምርመራ ከደም ምርመራ ጋር ከ200 እስከ 400 ዶላር ያስወጣሻል። በዓመት አንዴ ደግሞ ወደ 200 ያዢ። ማጓጓዣ ሳጥን፣ በግራም የሚመዝን ሚዛን፣ የአየር ማጣሪያ፣ እነዚህ በድምሩ ወደ 300 ይጠጋሉ። ከዚያ ወርሃዊው ይመጣል፦ ለምግብ 45፣ ለመጫወቻ 40። በመጫወቻው ባለቤትሽ እንደሚስቅ አውቃለሁ። እንጨት ነው፣ ገመድ ነው፣ ካርቶን ነው፤ ወፉ በሳምንት ውስጥ ብትንትኑን ያወጣዋል፣ ሥራውም ያ ነው። የሚሰባብረው ካላገኘ ወይ የሶፋሽን ክንድ ወይ የራሱን ላባ ይበጣጥሳል።

በላዩ ላይ በየወሩ 50 ዶላር ለክፉ ቀን አስቀምጪ። እቁብ አይሆንም፤ ዕጣው ሳይወጣልሽ ይታመማል። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የገባ ወፍ ከ500 እስከ 2,000 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። ሐኪሙ ደግሞ «በዱቤ» የሚባል ነገር አያውቅም።

ደምሪው፤ በወር 135፣ በዓመት 1,620፣ ከዓመታዊው ምርመራ ጋር 1,820 ዶላር። አሁን በዕድሜው አባዢው። ግራጫ በቀቀን በሰው ቤት በደንብ ከተያዘ 40 እና 50 ዓመት ይኖራል፣ 60 የሚደርስም አለ። ቻርሊ 50 ሲሞላው አንቺ 73 ነሽ። 31 ዓመት ሲባዛ በ1,820፣ ከ56,000 ዶላር በላይ። አንድ ጊዜ የሚከፈል አይደለምና አያስደነግጥሽ፤ ግን ባለቤትሽ «ወርሃዊ» ያለው ነገር ትክክል ነው። ሰውየው አልተሳሳተም።

የ11 ዓመት ልጅሽ ደስታ ደስ ይለኛል፣ ግን ስሌቱ ውስጥ አታስገቢያት። ከሰባት ዓመት በኋላ ኮሌጅ ናት፤ ዶርም ውስጥ በቀቀን አይገባም። ወፉ የልጅሽ ሳይሆን ያንቺ ነው፤ ከአንቺም በኋላ ሊተርፍ ይችላል። ለዚህም ነው መጠለያው ውል የሚያስፈርምሽ። መሸጥ የለም፣ ለሰው መስጠት የለም፣ ማራባት የለም፣ ማቆየት ካልቻልሽ ለእነርሱው ትመልሻለሽ። ቤትሽን መጥተው ያዩታል፣ አንዳንዶቹ ሥልጠና ያስወስዳሉ። ክብርሽን የነኩ አይምሰልሽ። ውሉን አንብበሽ፣ እኔ ብሞት ወፉ ለማን የሚለውን በወረቀት ላይ አስፍሪ። ለቤት እንስሳ ገንዘብ በአደራ ማስቀመጥ በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ ይፈቀዳል። ሽማግሌው ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ቻርሊ ዛሬ መጠለያ ባልተቀመጠ ነበር።

ሳይፈርሙ ከአከራይሽ በጽሑፍ ፈቃድ መቀበል ያስፈልጋል። «ወፍ እኮ ነው» ብለሽ እንዳታልፊው። ግራጫ በቀቀን ኮካቱ እንደሚባለው ጯሂ በቀቀን አይጮኽም፣ ግን ንጋትና ምሽት ላይ ድምፁን ያሰማል፤ የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪው ሲያልቅ የምታሰማትን ጩኸት ከለመደ ደግሞ ጎረቤቶችሽ ሳምንቱን ሙሉ ባትሪ ሲቀይሩ ይከርማሉ።

ስለ ጤና አንድ ነገር አልነገርሽኝም። ከአራታችሁ አስም ያለበት አለ? ግራጫ በቀቀን ከላባው የሚረግፍ ነጭ ዱቄት አለው። የአየር ማጣሪያውን ያነሳሁት ለዚህ ነው። ጥቁር ቴሌቪዥን ካላችሁ በሦስት ቀን ውስጥ በጣትሽ ስም ትጽፊበታለሽ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ንግግራችን እዚህ ጋ ያበቃል፣ አትውሰጂው። ሌላው ደግሞ ሲታኮሲስ የሚባል ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ዶክሲሳይክሊን በሚባል መድኃኒት ይድናል፣ ግን አንቺ ሳንባቸው የደከመ ሰዎች ዘንድ የምትሠሪ ነሽና ወፉ መመርመሩን መጠለያውን ጠይቂ፣ ወረቀቱንም እዪው። ከወሰድሽው በኋላ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ከያዘሽ ለሐኪምሽ «ቤቴ በቀቀን አለ» ማለት እንዳትረሺ።

ምግብ ላይ ዕድለኛ ነሽ። የአብዛኛው በቀቀን በሽታ ከሱፍ ፍሬ ይጀምራል፤ ሱፍ ለእሱ እንደ ችፕስ ነው፣ ይወደዋል፣ ይጎዳዋል። ግራጫዎቹ በተለይ ካልሲየም ቶሎ ያንሳቸዋል፣ እስከ መንቀጥቀጥ ያደርሳቸዋል። ዋናው ምግቡ ለወፍ ተብሎ የተዘጋጀው፣ ፔሌት የሚባለው እንክብል መኖ ይሁን፤ በጎኑ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ምስር ትሰጪዋለሽ። ቃሪያ ስጪው! ወፍ የሚጥሚጣን ማቃጠል አይሰማውም፤ ምላሱ ያን አያውቅም። ልጆችሽ አንድ ሙሉ ቃሪያ ከነፍሬው ሲያላምጥ ሲያዩ ይስቃሉ፣ ለእሱም ጥሩ ቫይታሚን ነው። ወጥ ግን ክልክል ነው፤ ቃጠሎው ሳይሆን ጨው፣ ሽንኩርትና ቅቤው ነው ችግሩ። አቮካዶ ልቡን ያቆመዋል፣ ትንሿም። ቡና፣ ቸኮላት፣ ጠላና ጠጅ አጠገቡ አይደርሱም። የቡና ሲኒ ይዞ ትከሻሽ ላይ የሚቀመጥ ወፍ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ፎቶው ላይ ይቅር።

ጊዜሽን በተመለከተ ግን ቅር ብሎኛል። ግራጫ በቀቀን ከኬጅ ወጥቶ ከሰው ጋር በቀን ሦስት አራት ሰዓት ይፈልጋል፣ በሌሊት ደግሞ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ጨለማና ጸጥታ። አንቺ ንጋት ላይ ደክመሽ ገብተሽ ጫማሽን ስታወልቂ እሱ ቀኑን ይጀምራል። ያወራል፣ ይጣራል፣ ቁርስ ይላል። በዓይነ ኅሊናሽ እንድታዪው ነው የምጽፍልሽ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ባለቤትሽ ሥራ ሄዷል፣ አንቺ መኝታ ቤት ትራስ ጆሮሽ ላይ ጭነሽ፣ ከሳሎን በራስሽ ድምፅ «እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው» ይላል። የመጀመሪያው ሳምንት ያስቃል።

የዚህን ወፍ ጭንቅላት አትናቂው። አሌክስ የሚባለውን ግራጫ በቀቀን ዶክተር አይሪን ፔፐርበርግ ለ30 ዓመት ያህል አጥንታዋለች። ከ100 በላይ ቃላት ነበሩት፣ ቀለምና ቅርጽ ይለይ ነበር፣ እስከ ስድስት ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ፣ ለዘሩ ገና በወጣትነቱ። በእኛ ቋንቋ «እንደ በቀቀን» ስንል ሳያስብ የሚደግም ማለታችን ነው፤ ወፉን ምን ያህል እንደበደልነው ካየሁት በኋላ ነው የገባኝ። እንዲህ የሚያስብ ፍጡር ባዶ ቤት ውስጥ ስምንት ሰዓት ሲቀመጥ ነው ላባውን የሚነጨው።

ወደ ደረቱ ልመለስ። ላባ መንጨት አንድ በሽታ አይደለም፤ እንደ ራስ ምታት ነው፣ መነሻው ብዙ ነው። ቆዳ፣ ጉበት፣ የቫይታሚን እጥረት፣ ደረቅ አየር፣ መሰላቸት፣ ድንጋጤ። ስለዚህ «ናፍቆት ነው፣ እኔ ጋ ሲመጣ ይተዋል» ብለሽ አትውሰጂው። መጀመሪያ ሐኪም ያየው፤ መጠለያው አሳይቶት ከሆነ ውጤቱን ጠይቂ። ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተነጨ ላባ ሥሩ ተጎድቶ ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። ደረቱ ራቁቱን ሆኖ 30 ዓመት አብሮሽ ሊኖር ይችላል፤ እንደዚያም ሆኖ ከወደድሽው ውሰጂው። ለማዳን ብቻ ከሆነ ግን ያልዳነ ዕለት ትቀየሚዋለሽ።

ሌላው ነገር፣ ወፉ አንቺን መርጧል። ይህ ደስ ይላል፣ ግን ባለቤትሽን ላይመርጥ ይችላል። ምንቃሩ የለውዝ ቅርፊት ለመስበር የተሠራ ነው፤ የሰው ጣት ከዚያ አይጠነክርም። ወፍ ሲነክስ «ዋይ!» ብለሽ ከጮኽሽ ጨዋታ ይመስለዋል። ባለቤትሽን ሳታስፈቅጂ ብታመጪው የመጀመሪያው ንክሻ የእሱ ነው የሚሆነው፣ ሁለተኛው የትዳራችሁ። መጠለያዎቹም አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ መጥቶ ወፉን እንዲያይ ይፈልጋሉ። ባለቤትሽን ውሰጂውና እዚያው ይተያዩ። ሲሄድ ኮፍያና መነጽሩን ቤት ይተው፤ ወፍ የማያውቀው ኮፍያ ይፈራል።

«ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል» ይባላል አይደል? ይኼኛው ወፍ ግን አገሩ ሌላ ነው። ዘሩ ከጋና አካባቢ እስከ ኡጋንዳና ምዕራብ ኬንያ ያለው የደን ወፍ ነው፤ ወደ እኛ አገር አይደርስም። እኛ የራሳችን በቀቀን አለን፣ ራሱ ቢጫ የሆነው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው። የሚጮኸውም እንዳገሩ ሳይሆን እንደሚኖርበት ቤት ነው። አንቺና ባለቤትሽ ስለ እሱ ብትጣሉ ጭቅጭቁን በሁለታችሁም ድምፅ ይይዘዋል፣ ቡና የመጣ እንግዳ ፊት ይለዋል።

አገር ቤት ይዤው እሄዳለሁ የሚለው ሐሳብ ካለሽ አሁኑኑ ተዪው። ግራጫ በቀቀን እየታደነ በማለቁ እ.ኤ.አ. በ2016 ጆሃንስበርግ በተደረገው የሳይቲስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ጉባኤ በጥብቅ ወደሚጠበቁት ዝርዝር ተዛውሯል፤ በ2017 መጀመሪያም ሥራ ላይ ዋለ። ድንበር ለማሻገር ከሁለቱም አገር ፈቃድ ያስፈልጋል። የራስሽ ወፍ መሆኑ ነገሩን አያቀልልሽም። እዚህ አስቀምጠሽው ብትሄጂ ደግሞ ወፍ የሚያሳድር ቦታ በቀን 25 ዶላር ያህል ቢጠይቅሽ ለ35 ቀን 875 ዶላር ነው፤ የአንድ ሰው ግማሽ ትኬት። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ሞቶበት፣ መጠለያ ገብቶ፣ አንቺ ዘንድ መጥቶ፣ ደግሞ በአንድ ወሩ ሌላ ቦታ መጣሉ ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ ውሰጂው፣ ግን አሁን አይደለም። ማመልከቻውን ሙዪ፣ ለመጠለያው እውነቱን ንገሪ፦ ሐምሌ እሄዳለሁ፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ልወስደው እፈልጋለሁ በዪ። እስከዚያ በየሳምንቱ ሄደሽ ጠይቂው፤ ደረቱን የነጨ የ19 ዓመት ወፍ በቶሎ ፈላጊ አያገኝም፣ ሊጠብቁልሽ ይችላሉ። ለሙከራ ወስዶ ማቆየት የሚፈቅዱ ከሆነ ስትመለሺ በዚያ ጀምሪ። በመሃል የሌሊት ፈረቃሽን ወደ ቀን ወይ ወደ ምሽት ማስቀየር መቻልሽን አጣሪ። ካልቻልሽና ቀኑን ቤት የሚውል ሰው ከሌለ፣ እህቴ፣ አልወስደውም ነበር፤ በየቅዳሜው መጠለያ ሄዶ አንድ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ ሰው መሆንም ለወፉ ትልቅ ነገር ነው። አንቺ በሌለሽበት ቀኑን ሙሉ ቤቱ የሚውል ጡረተኛ ቢወስደው ደግሞ አትዘኚ፣ ለእሱ ይሻለዋል።

ስሙን አትቀይሩት። ልጅሽ የሐበሻ ስም ልታወጣለት እንደምትፈልግ ሳልጠየቅ አውቃለሁ፤ 19 ዓመት ቻርሊ ሲባል የኖረ ነው። በነገራችን ላይ ቻርሊ ሴት ልትሆንም ትችላለች። ግራጫዎቹን ወንድና ሴት በዓይን መለየት አይቻልም፣ የደም ወይም የላባ ምርመራ ነው የሚለየው፤ ስንት «ጆርጅ» እንቁላል ጥሎ ተገኝቷል።

ከመጣ በኋላ በየጠዋቱ ቁርስ ሳይበላ መዝኚው፣ ጻፊው። 450 ግራም የነበረ ወፍ 405 ከሆነ አሥር በመቶ ወርዷል፣ ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ነው። ወፍ በሽታውን ይደብቃል፤ በጫካ የታመመ ወፍ ቀድሞ ይበላልና። ላባውን ነፍቶ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ጅራቱ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ካለ፣ «እስከ ነገ ልየው» አይባልም።

ሳሉን በተመለከተ ደግሞ። አንቺ ሦስት ዓመት ተኩል ያ ሳል ሲሰማ ብድግ ስትዪ የኖርሽ ሰው ነሽ፣ እግርሽ ለምዷል። ቻርሊም ያንን አይቷል፦ ሳል ሲሰማ አንቺ ትመጫለሽ። ለዚህ ይመስለኛል መጠለያው ውስጥ ከሰላምታው ቀጥሎ የሳለው። ቤትሽ ሲመጣ ስትሮጪ ካየሽ ቀኑን ሙሉ ይስላል። «እሺ፣ እሺ» ሲል ሂጂለት፣ ቃሪያ ስጪው። ሲስል ግን ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ፣ ዞር ብለሽም አትዪው። ከባዱ እሱ ነው የሚሆንብሽ፤ ከባለቤትሽም ከወርሃዊውም ይልቅ።

የምጣዱን ነገር ለማየት ግን መስከረምን አትጠብቂ። ቅዳሜ ከመጋገርሽ በፊት ገልብጪውና ከሥሩ የተጻፈውን አንብቢ።